ስለ ሩቅ አያቶች

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ጄሪ ሮትዌል የተባለው ሰው በ2018 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ) ያወጣውን «በደመና ያለው ትምህርት ቤት» የሚባለውን ፊልም ሁለት ጊዜ ተመለከትሁት። በመጀመሪያው ጊዜ ተቈጣሁ፤ በሁለተኛው ግን አፈርሁ።

ፊልሙ የሚናገረው ስለ ፕሮፌሰር ሱጋታ ሚትራ አሳብ ነው። እኒህ ሰው በ1999 በኒው ዴልሂ፥ ካልካጂ በተባለ ሰፈር፥ በግንብ ውስጥ ኮምፒዩተር ተክለው የድኻ ልጆች ያለ መምህር እንዲማሩበት ተዉላቸው። በ2009 ደግሞ በብሪታንያ ያሉ በጎ ፈቃደኞችን፥ ከእነርሱም ብዙ ጡረተኛ መምህራንን ጠርተው በስካይፕ (እርሱም በ2025 ተዘግቷል) ለሕንድ ልጆች ተረት እንዲያነቡላቸውና እንዲያጫውቷቸው አደረጉ። ስማቸውም «የአያቶች ደመና» ተባለ፤ ወንዶችም የልጅ ልጅ የሌላቸውም ነበሩባቸው።

የተቈጣሁት ስለ መምህሩ ነው። 38 ዓመት ጠመኔ የያዘ ሰው፥ ልጅ ብቻውን ይማራል ሲባል ዝም ብሎ አይሰማም። ሌላም ነቀፌታ አለኝ፤ ሱንዳርባንስ በሚባለው የቤንጋል ረግረግ አገር፥ በኮራካቲ መንደር፥ የባሕር ማዶዪቱ አያት በእንግሊዝኛ ስታነብ፥ የቤንጋሊ ተረት የምታውቀው የመንደሪቱ አያትስ? እርሷን ማን ጠራት? የኢንተርኔቱን አስቸጋሪነት ግን ፊልሙ አይደብቅምና ስለዚህ አመሰግነዋለሁ።

ያፈርሁት ግን በሚትራ አንድ ምክር ነው። አያት ከልጁ ኋላ ቆማ «ይህን እንዴት አወቅኸው? እስቲ አሳየኝ» እያለች ታደንቀው እንጂ አትመርምረው ይላሉ። እኔ ሚኒሶታ ያለውን የልጅ ልጄን እሑድ እሑድ በስልክ መስተዋት ሳየው የማነሣው ፈተናውንና ፊደሉን ብቻ ነበር። እርሱም «እሺ አባባ» ብሎ ስልኩን ለእናቱ ይሰጣል። እኔ ደግሞ የዛሬ ልጆች ጨዋታ አያውቁም ብዬ እርሱን እከስሰዋለሁ!

በሚቀጥለው እሑድ የሚሠራውን እንዲያሳየኝ ለመንሁት። ማይንክራፍት በተባለ ጨዋታ ውስጥ ድልድይ እየሠራ ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል አስረዳኝ። አማርኛው ተሰባበረ፤ «አንተ» እያለም ጠራኝ፤ ምላሴን ነክሼ አላረምሁትም።

በመጨረሻም «አባባ፥ አንተ ልጅ ሆነህ ድልድይ ነበረ?» አለኝ። ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ስንሄድ በክረምት ወንዙን በጐልማሶች ትከሻ እንሻገር እንደ ነበር ጀመርሁለት። ከመካከል ሳንደርስ የስልኬ ባትሪ አለቀ።