መቅደላ በተውኔትና በመማሪያ ክፍል

ከመካነ ሰላም ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ከበሽሎ ሸለቆ በላይ የቆመው የመቅደላ አምባ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ የአንድ ታላቅ ሕይወት ማብቂያ ሆኖ ይታወቃል። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ጦር እጃቸውን ከመስጠት ሞትን የመረጡት በዚህ ስፍራ ነው። በሌላ በኩል ዛሬ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎች ያሉት ዩኒቨርሲቲ የሚጠራው በዚሁ አምባ ስም ነው። እንግዲህ ለምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ተማሪ፣ ተውኔቱ የሚያልቅበት ስፍራ የራሱ አገር ነው። ይህ ልዩነት በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ረገድ ምን ትርጉም እንዳለው መመርመር ተገቢ ይሆናል።

የቴዎድሮስ ታሪክ በአማርኛ ጽሑፍ ዕድገት ውስጥ ልዩ ቦታ አለው። ቀደም ሲል የነገሥታት ዜና መዋዕል በግእዝ ይጻፍ የነበረ ሲሆን፣ የእርሳቸውን ዘመን ግን ደብተራ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም በአማርኛ ጽፈውታል። ዘነብ ንጉሠ ነገሥቱን በአድናቆት ሲያነሡ፣ ወልደ ማርያም የኋለኛውን ዘመን ጭካኔና የሕዝቡን መከራ አልሸሸጉም። የሃያኛው ምዕተ ዓመት ደራስያን ደግሞ ታሪኩን በአዲስ መንፈስ አነሡት። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «ቴዎድሮስ» የተባለውን ተውኔት አቀረቡ። ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. «የቴዎድሮስ እንባ»ን፣ አቤ ጉበኛ በ1961 ዓ.ም. «አንድ ለናቱ»ን አሳተሙ። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ይህንኑ ንጉሥ በመድረክ ላይ አቁመውታል።

እነዚህ ሥራዎች የፈጸሙት አገልግሎት በቀላሉ የሚገመት አይደለም። የተበታተነች አገርን አንድ ለማድረግ የተነሣ ሰው ሐሳቡ ከዘመኑ አቅም በላይ ሲሆንበት የሚደርስበትን መከራ፣ የአማርኛ አንባቢና ተመልካች እንደ ራሱ መከራ እንዲያየው አድርገዋል። ሆኖም አሳዛኝ ድርሰት የራሱ ጠባይ አለው። ብርሃኑ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ እንዲያርፍ ይጠይቃል። ባለታሪኩ ከፍ ባለ ቁጥር በዙሪያው ያለው ሰው ይጠባል፤ ተቃዋሚው እንቅፋት፣ አገሩም መድረክ ብቻ ወደ መሆን ያዘነብላል። ይህም ከድርሰቱ ቅርጽ የሚመጣ ውጤት እንጂ የግድ የደራሲው በደል አይደለም። አስተማሪው ግን ይህን ለይቶ ካላሳየ፣ ተማሪው የቅርጹን ጠባይ የታሪኩ ሙሉ እውነት አድርጎ ይወስደዋል።

ለዚህ ሦስት ምሳሌዎችን ማንሣት ይበቃል። የመጀመሪያው የወሎ ገዥ የነበሩት የወይዘሮ ወርቂት ታሪክ ነው። በ1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው በወርቂት ዘንድ ተጠጉ፤ ከዚያም ወደ ሸዋ አለፉ። በዚህ የተቆጡት ቴዎድሮስ በአምባው ላይ በመያዣነት የነበሩትን የወሎ መኳንንት አስገደሉ፤ የወርቂት ልጅም ከሟቾቹ አንዱ ነበረ። በንጉሡ ዓይን ሲታይ ይህ የክህደት ቅጣት ነው። በእናቲቱ ድንኳን ሆኖ ለሚያይ ግን ከመቅደላው ፍጻሜ የማያንስ አሳዛኝ ተውኔት ነው።

ሁለተኛው የመንገዱ ጉዳይ ነው። ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ለማድረስ የጅዳና የበሽሎ ገደሎች እየተቈፈሩ መንገድ ተሠርቷል፤ ጉዞውም በ1860 ዓ.ም. ከጥቅምት እስከ መጋቢት ፈጅቷል። መድፉ በሥነ ጽሑፍ የአንድ ሰው ጽኑ ፈቃድ ምልክት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ድንጋዩን የፈነቀለው ወታደርና፣ እህሉንና ከብቱን ለሠራዊቱ ያስረከበው ገበሬም የዚሁ ታሪክ ሰዎች ናቸው።

ሦስተኛው አምባው የመጻሕፍት ቤትም የነበረ መሆኑ ነው። ቴዎድሮስ ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከልዩ ልዩ ስፍራ ብዙ የብራና መጻሕፍት አሰባስበው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ከእነዚህ 350 ያህሉ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ተወስደዋል። ስለዚህ መቅደላ ስትወድቅ የጠፋው የአንድ ሰው ሕይወት ብቻ አልነበረም፤ ለተማሪው ልጅ በቅርብ የሚመለከተው ኪሣራ ይኸኛው ሊሆን ይችላል።

የሥነ ጽሑፍ ትምህርት በደራሲው ስም፣ በታተመበት ዓመትና በገጸ ባሕርያት ዝርዝር ላይ ብቻ ከቆመ ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱም አይነሣም። ልጁ በመጽሐፉ ውስጥ የአገሩን ተራራ ያያል፤ የአገሩን ሰው ግን አያይም። ከዚህም የተነሣ ሥነ ጽሑፍ ማለት ሌሎች በሌላ ስፍራ ሆነው ስለ ታላላቆች የሚጽፉት ነገር ነው ብሎ ሊያምን ይችላል። ይህ እምነት አንዴ ከሠረጸ በኋላ በድርሰት ጽሕፈት ልምምድ ብዛት ብቻ አይነቀልም።

መምህራን ሊሞክሩት የሚችሉት መንገድ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ከተውኔቱ ወይም ከልብ ወለዱ አንድ ትዕይንት ተመርጦ ከወልደ ማርያም ዜና መዋዕል ተመሳሳይ ክፍል ጋር ጎን ለጎን ይነበብ፤ ምን እንደ ተጨመረ፣ ምን እንደ ቀረ፣ ለምንስ እንደ ቀረ ይጠየቅ። ቀጥሎ ተማሪዎች በወርቂት ድንኳን ውስጥ የሚፈጸም አንድ አጭር ትዕይንት ራሳቸው ይጻፉ። በመጨረሻም ስለ መቅደላ በአካባቢያቸው የሚነገረውን ከሽማግሌዎችና ከባልቴቶች ሰምተው፣ ማን፣ የትና በምን አጋጣሚ እንደ ተናገረው ጭምር ይመዝግቡ። የተሰበሰበው ሁሉ እርግጠኛ ታሪክ ነው ተብሎ እንዳይወሰድ መምህሩ አስቀድሞ ማስገንዘብ ይኖርበታል፤ አፈ ታሪክም እንደ ተውኔት የራሱ ቅርጽና የራሱ ወገናዊነት አለውና። የትምህርት ዕቅድ አዘጋጆችም ፈተናው ይህን ዐይነቱን ንባብ የሚመዝን እንዲሆን ካላደረጉ፣ የመምህሩ ድካም ከንቱ ይቀራል።

በዚህ ሥራ ሁለት ስሕተቶችን መጠንቀቅ ያሻል። አንደኛው ተውኔትን ከታሪክ ጋር አልተስማማም ብሎ መኰነን ነው። ተውኔት የሚመዘነው በቅድሚያ በተውኔትነቱ ነው። ሁለተኛው ቴዎድሮስን ከመድረኩ አውርዶ በምትካቸው የአካባቢ ጀግና መስቀል ነው። ይህ የምስሉን ባለቤት መለወጥ ብቻ እንጂ የንባቡን ልማድ መለወጥ አይሆንም። የሚፈለገው ተማሪው የንጉሡን ኀዘን ከልብ እየተካፈለ፣ በዚያው ጊዜ የእናቲቱን፣ የመንገድ ቈፋሪውንና የጠፉትን መጻሕፍት ለመጠየቅ እንዲደፍር ነው። ይህን የሚደፍር ተማሪ መጋረጃው ከተዘጋ በኋላም በአምባው ላይና በአምባው ግርጌ የቀሩ ሰዎች እንዳሉ ያውቃል፤ እርሱ ራሱ ከእነዚያ ሰዎች የመጣ ነውና።