የታዳጊ ሴቶች የሶፍትቦል ደንብ በአማርኛ ቢጻፍ፦ ስለ ፆታና ስለ ስያሜ የቀረበ ሒስ

የጨዋታ ደንብ የሕግ ጽሑፍ ወገን ነው። ልዩነቱ ፍርዱ በዚያው ቅጽበት ሜዳ ላይ መሰጠቱና ይግባኝ ለማለት ጊዜ አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ሁለት ፍች የሚቀበል ዐረፍተ ነገር በደንብ ውስጥ ቢገኝ፣ ጉዳቱ ከሌላው ጽሑፍ ይልቅ ፈጥኖ ይታያል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የታዳጊ ሴቶችን የሶፍትቦል ደንብ ነው። ጨዋታው በባሌ ደጋ የተለመደ አይደለም፤ የመረጥነውም ስለዚሁ ነው። የአማርኛ የስፖርት ስያሜዎች አብዛኞቹ ከእግር ኳስ ሜዳ የወጡ ናቸው፤ እግር ኳስም ለረጅም ዘመን የወንዶች ሆኖ ኖሯል። ስያሜዎቹ ወደ ሴቶች ሜዳ ሲሻገሩ ምን እንደሚደርስባቸው ለመፈተን ገና ስም ያልወጣለት ጨዋታ ይመቻል። ደንቡን አንድ የስፖርት መምህር በሮቤ ወይም በጎባ ሜዳ ላይ ለተማሪዎቹ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሊያነበው ነው ብለን እናስብ። መመዘኛችን ይኸው ንባብ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንበል። ሶፍትቦል የቤዝቦል ታናሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 በቺካጎ ከተማ በአንድ አዳራሽ ውስጥ፣ ተጠቅልሎ የታሰረ የቦክስ ጓንት ኳስ፣ የመጥረጊያ እጀታ መምቻ ሆኖ ተጀመረ፤ የዛሬ ስሙን ያገኘው በ1926 ነው። ዘጠኝ ዘጠኝ ተጫዋቾች ያሏቸው ሁለት ቡድኖች ተራ በተራ ይመታሉ። ወርዋሪዋ ክንዷን ከታች አዙራ ኳሱን ትወረውራለች፤ መቺዋ ከመታች በኋላ በአራት ማዕዘን የተቀመጡትን ማረፊያዎች ዞራ ወደ ተነሣችበት ከተመለሰች ለቡድኗ አንድ ነጥብ ይቆጠራል። ሊትል ሊግ የተባለው የአሜሪካ የልጆች ድርጅት የሴት ልጆችን ሶፍትቦል ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴቶች የተወዳደሩበት በ1996 በአትላንታ ሲሆን፣ የአርሲዋ ፋጡማ ሮባ ማራቶን ያሸነፈችውም በዚያው ኦሊምፒክ ነበር።

ስሙን «ለስላሳ ኳስ» ብሎ ለመተርጐም የሚቸኩል ይኖራል። «መረብ ኳስ»፣ «ቅርጫት ኳስ»፣ «እጅ ኳስ» የተሳኩ ስያሜዎች ናቸው፤ ምክንያቱም መረቡም ቅርጫቱም እጁም ሜዳ ላይ ይታያሉ። የሶፍትቦል ኳስ ግን ለስላሳ አይደለም። ዙሪያው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ፣ ፊት ላይ ካረፈ የሚያቆስል ጠንካራ ኳስ ነው። በስሙ ተታልላ ሄልሜቷን የምታወልቅ ልጅ ብትገኝ ጥፋቱ የተርጓሚው ነው። «ሶፍትቦል» እንዳለ ይቅር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። በአማርኛ የእግር ኳስ ዘገባ ኳስን በእንስታይ ፆታ መጥራት የተለመደ ነው፦ «ኳሷ ወጣች»፣ «ነካት»፣ «አሻማት»። ይህ ልማድ ማቆላመጥ ብቻ አይደለም፤ አገልግሎት አለው። ተጫዋቹ «እሱ»፣ ኳሷ «እሷ» ከሆነች በግሡ ውስጥ ያሉት ባለቤትና ተሳቢ አይምታቱም። «ነካትና ወጣች» ሲባል የነካው ተጫዋቹ፣ የወጣችው ኳሷ መሆኗን ማንም ይረዳል። ዘጋቢዎቹ አስበው ያደረጉት አይመስለንም፤ ቋንቋው ራሱ የሠራላቸው ሥራ ነው።

ተጫዋቾቹ ሴቶች ሲሆኑ ግን ይኸው ልማድ ይገለበጣል። ከደንቡ አንዱን አንቀጽ እንውሰድ። ሯጭ የሆነች ተጫዋች ኳሱ ከወርዋሪዋ እጅ ከመውጣቱ በፊት የቆመችበትን ማረፊያ መልቀቅ አይፈቀድላትም። በለመድነው የዘገባ አማርኛ ቢጻፍ እንዲህ ይሆናል፦ «ኳሷ ከእጇ ሳትወጣ ከለቀቀች ትቃጠላለች።» የማን እጅ? የለቀቀችው ማን ናት? ወርዋሪዋም ኳስ «ትለቃለች»፣ ሯጯም ማረፊያ «ትለቃለች»። የምትቃጠለው ወርዋሪዋ ናት የሚል ቡድን ቢነሣ ሰዋስው አይቃወመውም። የሚፈለገው ዐረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «ኳሱ ከወርዋሪዋ እጅ ሳይወጣ ሯጯ ማረፊያውን ከለቀቀች፣ ሯጯ ትቃጠላለች።» ኳሱ፣ ማረፊያው፣ መምቻው፣ መስመሩ ሁሉ በተባዕታይ፣ ሰዎቹ በእንስታይ ፆታ፤ በየሐረጉም የሙያ ስማቸው ይደገማል። «ሯጯ» ሁለት ጊዜ መምጣቷ ለጆሮ ይከብዳል የሚል አርታዒ ይኖር ይሆናል። አንዱን «ሯጯ» በሰረዘ ቁጥር አንድ ክርክር እንደሚጨምር ይወቅ።

ሁለት የማምለጫ መንገዶች ሲቀርቡ ሰምተናል፤ ሁለቱንም አንቀበልም። አንደኛው ደንቡን በተባዕታይ ፆታ ጽፎ ሴትን ያካትታል ብሎ መደንገግ ነው። ለዚህ በ1987 ዓ.ም. ከጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 7 ይጠቀሳል፤ በዚያ አንቀጽ በወንድ ፆታ የተደነገገው ለሴትም እንዲያገለግል ተወስኗል። ሕገ መንግሥቱ ስለ ወንድም ስለ ሴትም የሚናገር ነውና ብልሃቱ እዚያ ያገለግላል። አንድም ወንድ በማይጫወትበት ሊግ ግን «እሱ» ባዶ ቃል ነው፤ ወይም ይባስ ብሎ ባዶ አይደለም። ሜዳው ላይ ያለው ብቸኛ ወንድ ዳኛው ወይም አሠልጣኙ ሊሆን ይችላል። «ኳሱ ከነካው» ሲነበብ ልጆቹ ወደ ዳኛው ቢዞሩ አይፈረድባቸውም፤ ዳኛን የነካ ኳስ በደንቡ የራሱ ሥርዓት አለውና። ሁለተኛው መንገድ ፆታ በማይለይበት በብዙ ቁጥር መጻፍ ነው። በሶፍትቦል ማን ብቻዋን፣ ማን ከማን ጋር እንደተቃጠለች ይቆጠራል። «ሯጮች ይቃጠላሉ» የሚል አንቀጽ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ያቃጥላል።

ከፆታ ወደ ስያሜ ስንሻገር የእግር ኳሱ ውርስ ሌላ ወጥመድ ይዞ ይጠብቀናል። «ከጨዋታ ውጭ» በእግር ኳስ የታወቀ ስፍራ ይዟል፤ እዚህ ልናመጣው አንችልም። «ወጣች» ደግሞ ተቀይራ ለወጣችም ይነገራል። በሶፍትቦል ሦስት ጊዜ ስታ ተራዋን ያጣች ልጅ ከሜዳ አትባረርም፤ ተራዋ ሲደርስ ተመልሳ ትመታለች። ለዚህ አሳብ ቃል ፍለጋ ወደ ግዕዝ ወይም ወደ ባሕር ማዶ መሄድ አያስፈልግም፤ በየሰፈሩ አለ። ሰኞ ማክሰኞ ስትጫወት መስመር የረገጠች፣ ፔፕሲ ስትጫወት በጨርቅ ኳስ የተመታች ልጅ «ተቃጠልሽ» ትባላለች፤ ዳር ትቆማለች፣ ተራዋን ጠብቃ ትገባለች። ያላትንም ደንቡን የሚጠብቁት ጓደኞቿ እንጂ ዳኛ አይደለም። ተቃራኒውም «ዳነች» ነው። እነዚህ ሁለት ቃላት ከማናቸውም የኮሚቴ ፈጠራ ይበልጣሉ ብለን እናምናለን። ልጆቹ ትርጉማቸውን ሳይነገራቸው ያውቁታል።

«ጥፋት»ን እንመልከት። በእግር ኳስ ሕግ መጣስ ነው። በሶፍትቦል ግን በእንግሊዝኛ በዚያው ስም የሚጠራው ነገር የተመታ ኳስ ከመስመር ውጭ መውደቁ ብቻ ነው፤ ማንም አላጠፋም። «የጥፋት ኳስ» ቢባል ልጅቱ ምን አጠፋሁ ትላለች። «ከመስመር የወጣ ኳስ» ይበቃል። ከዚህ የባሰው «ምት» ነው። የእንግሊዝኛው ቃል በቀጥታ ሲፈታ «ምት» ይሆናል፤ የሚያመለክተው ግን መቺዋ ሞክራ የሳተችውን ወይም ሊመታ ሲገባው ዝም ብላ ያሳለፈችውን ኳስ ነው። «ሦስት ምት የመታች ትቃጠላለች» የሚል ደንብ በመምታቷ የሚቀጣ ይመስላል። እኛ «አመለጣት» እንላለን፤ ሞክራ ብትስተውም ሳትሞክር ቢያልፋትም ቃሉ ይይዛል። ከመቺዋ ልክ ውጭ የተወረወረውን ኳስ ደግሞ «የሳተ ውርወራ» ብንለው፣ «ወርዋሪዋ አራት ጊዜ ከሳተች፣ መቺዋ ወደ 1ኛው ማረፊያ ትሄዳለች» የሚለው ዐረፍተ ነገር ያለ ማብራሪያ ይገባል። ወደሚቀጥለው ማረፊያ በድንገት መሮጥን «መስረቅ» ማለትም አለ። መምህሩ «ተጫዋቿ እንድትሰርቅ ይፈቀድላታል» ብሎ በተማሪዎች ፊት እንዲያነብ አንፈልግም፤ «መሹለክ» አለልን።

ለመምቻው «ዱላ» የሚለው ቃል ሳያመነቱ የሚመጣ ነው፤ በአትሌቲክስ የዱላ ቅብብል አለና። ይሁን እንጂ «ዱላ» በአማርኛ ዕቃውም ድብደባውም ነው። በባሌ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይጨመራል። በባሌና በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ያገባች ሴት የምትይዘው ቀጭን በትር፣ ሲንቄ፣ የክብሯና የመብቷ ምልክት ነው፤ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በተጣሉ ሰዎች መካከል ሲገቡ ጠቡ ይቆማል። በሴት እጅ ያለ በትር እንዲህ ያለ ትርጉም በያዘበት አገር፣ ለልጆቿ የሚሰጠውን የመጫወቻ ዕቃ በድብደባ ስም መጥራት አላዋቂነት ነው። «መምቻ» የመሣሪያ ስም ነው፤ ከዕቃው አያልፍም።

ከወርዋሪዋ ፊት ለፊት ተቀምጣ ኳሱን የምትይዘውን ተጫዋች በ«ግብ ጠባቂ» አምሳያ «ቤት ጠባቂ» እንበላት የሚል አሳብ ሊቀርብ ይችላል፤ መጨረሻውን ማረፊያ «ቤት» ማለት ተገቢ ነውና። እኛ ግን ለሴት ልጅ «ቤት ጠብቂ» የሚለው ትእዛዝ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ወደ ሜዳ የወጣችው ያንን ጥላ ነው። «ቀላቢ» ትባል። ቃሉ ቀለብ ከመስጠት ጋር በድምፅ ይገጣጠማል፤ ነገር ግን ኳስ በያዘች ልጅ ላይ ማንም አይሳሳትበትም።

ከገና ጨዋታ ቃል እንውሰድ የሚሉም አሉ። «ጥንግ» መልካም ቃል ነው፤ ጨዋታው ግን የወንዶች ነበር፣ ኳሱም በመሬት ላይ በቆልማማ በትር የሚነዳ ነው። በባሌ ስሙ ራሱ ያሳስታል። ና ጠብቆ ሲነበብ በአማርኛ የልደት በዓል የሆነው «ገና» በኦሮምኛ የዝናብ ወራት ነው፤ የባሌ ገበሬም አንዱን የእርሻ ወቅቱን የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። «የገና ጨዋታ» ብሎ ማስታወቂያ የለጠፈ ሰው ልጆቹ ጃንጥላ ይዘው ቢመጡ አይደነቅ።

በልኬትና በዕድሜ ላይ የሚፈጸመው ስሕተት ግን አያስቅም። ደንቡ በማረፊያዎች መካከል ያለውን ርቀት 60 ጫማ ይለዋል። «ጫማ» በአማርኛ የታወቀ የልኬት ስም ነው፤ ሜትር የሌለው መምህር ግን በእግሩ ወይም በአንዷ ተማሪ ጫማ ሊለካው ይችላል። የልጅቱ ጫማ 22 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ 18.29 ሜትር መሆን የሚገባው ሜዳ 13 ሜትር ሆኖ ያርፋል። በሜትር ብቻ ይጻፍ። የዕድሜው አንቀጽ ከዚህ ይከፋል። የእንግሊዝኛው ደንብ 12 ዓመት የሆናቸውንም ያካትታል፤ «ከ12 ዓመት በታች» ብለን ስንተረጕመው እነርሱን አስወጣናቸው። በዚያ ላይ «12 ዓመት ይዛለች» የምትባለው ልጅ 11 የሞላት ናት፤ «12 ዓመት ሞልቷታል» የምትባለው ሌላ ናት። የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነውና፣ ብዙ ጊዜ ለማስረጃ የሚቀርበው የወላጅ ቃል ነው፤ የወላጅ ቃል ደግሞ ወይ «ይዛለች» ወይ «ሞልቷታል» ነው። ደንቡ «ውድድሩ በሚጀመርበት ቀን 13 ዓመት ያልሞላት» ይበል።

የሊትል ሊግ ደንብ እያንዳንዷ ልጅ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንድትመታ፣ በመከላከልም ስድስት ተቃጣዮች እስኪቆጠሩ ድረስ ሜዳ ላይ እንድትቆይ ያዝዛል። ይህ ለአሠልጣኙ የተሰጠ ግዴታ፣ ለልጅቱ ደግሞ መብት ነው። «ልትጫወት ትችላለች» ብሎ የተረጐመ ሰው መብቷን ለአሠልጣኙ ፈቃድ አሳልፎ ሰጠ። «አሠልጣኙ ማጫወት አለበት» ነው የሚባለው፤ ባለቤቱ ይለወጣል፣ ግዴታውም በባለዕዳው ላይ ያርፋል። ደካማ የሚሏትን ልጅ ዳር ላይ አስቀምጦ ማሸነፍ ለሚወድ አሠልጣኝ ሁለቱ ግሦች የሚያስገኙት ውጤት እጅግ የተራራቀ ነው።

በመጨረሻ የሮቤን መምህር እናስብ። የትምህርት ቤቱ ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ የአማርኛውን ደንብ የሚያነበው ከዚያ ጎን ነው። በኦሮምኛ ሁለተኛው መደብ ፆታ አይለይም፤ «አቲ» ለወንድም ለሴትም ነው። «ምቺ»፣ «ሩጪ»፣ «ቅለቢ» እያለ በትእዛዝ የተጻፈ ደንብ ንባቡን ሳያስፈልግ ያከብድበታል። ሦስተኛው መደብ በሁለቱም ቋንቋዎች ፆታን ይለያል፤ ስለዚህ ደንቡ ከዳር እስከ ዳር በሦስተኛ መደብ ይጻፍ። ስያሜዎቹም በአማርኛ ተወስነው ካለቁ በኋላ ወደ ኦሮምኛ የሚገለበጡ አይሁኑ፤ ልጆቹ በኦሮምኛ ሲጫወቱ ተራዋን ያጣችውን ምን እንደሚሏት አስቀድሞ ይጠየቅ። ምናልባት የተሻለው ቃል እነርሱ ዘንድ ይሆናል፤ ያን ጊዜ አማርኛው ይዋሰው። ረቂቁ በሁለቱ ቋንቋዎች ጎን ለጎን በሜዳው ላይ ይነበብ፤ ልጆቹ የሳቁባቸው ቃላት ይሰረዙ፣ ሁለት ጊዜ የጠየቁባቸው ዐረፍተ ነገሮችም እንደገና ይጻፉ።