የሀዘን ቤት ፈትል

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የቤቱን ሥራ ሁሉ በየተራ ሞክሬዋለሁ። ምጣድ ፊት መቀመጥ አልሆነልኝም፤ ጭሱ ራሱ ያስለቅሳል፣ አንዴ እንባው ከመጣ ደግሞ የጭሱን ከሀዘኑ መለየት አይቻልም። ሰፌድ መስፋት ዓይንን ጠፍሮ ይይዛል፤ አንገቴን ደፍቼ አክርማውን ሳጠማዝዝ ሐሳቡ ከኋላዬ መጥቶ ይሰፍርብኛል። የቆምኩት ፈትል ላይ ነው። መንዝ ውስጥ ዘመሮ ተወልዳ ያደገች ሴት የበግ ጠጉር መፍተል የምትማረው ገና በልጅነቷ ስለሆነ ሥራው አዲስ አልሆነብኝም። አዲስ የሆነብኝ ለሀዘንተኛ ይህን ያህል መስማማቱ ነው።

ፈትል እጅን ይይዛል፤ ዓይንንና ጆሮን ግን ይለቃል። እንዝርቱ ጭን ላይ ተንከባሎ መሽከርከር ሲጀምር ግራ እጅ ጠጉሩን በልክ በልኩ ይሰጠዋል። ክሩ የቱ ጋ እንደቀጠነ፣ የቱ ጋ እንደወፈረ የሚያውቀው ጣት ነው፤ ማየት አያስፈልግም። ስለዚህ ፈታይ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጎመኗን ታያለች፣ ለመንገደኛው እግዜር ይስጥልኝ ትላለች፣ ዶሮዋን ታባርራለች። ሐሳብ ሲከብዳት ደግሞ ክሩ ይበጠሳል፤ ለመቀጠል ስትል ብቻ ትመለሳለች። ትንሿ ደስታ ወደ ሀዘን ቤት ስትገባ ያየኋት በዚህ በኩል ነው። ፈልጌ አላገኘኋትም። እጄ ሥራ ላይ እያለ ዓይኔ ክፍት ሆኖ ስለቆየ መጣች።

የመንዝን ሥራ ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልግለጽ። የእኛ በግ ላቱ ሰፊ፣ ጠጉሩ ረጅምና ሻካራ ነው፤ ብርዱን የሚችለው በዚያ ነው። ጥቁር አለ፣ ቡናማ አለ፣ ነጭም አለ፤ ባናው የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ሳይነከር በተፈጥሮ መልኩ ነው። በጉ ይሸለታል፣ ጠጉሩ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ከዚያ በደጋን ይነደፋል፣ ከዚያ ይፈተላል። ፈትሉ የሴት፣ ሽመናው የወንድ ነው። ጠባብ ጠባብ ሆኖ የተሸመነው ጎን ለጎን ተሰፍቶ ባና ይሆናል። ከዚሁ ጠጉር በርኖሱም ይሠራል፣ ዱሮ ሀዘንተኛ የሚለብሰው ማቅም ይሠራ ነበር። ያው የበግ ጠጉር ለሙሽራ መኝታም ለሀዘን ልብስም ይሆናል ማለት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ከተከፈተ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ቀለሙ የደመቀ የገበያ ብርድ ልብስም በየሱቁ ሞልቷል። ቢሆንም የታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ ሰው ባናውን ይፈልጋል።

ባለቤቴ ሸማኔ ነበር። እኔ ፈትዬ እሱ ሸምኖ ነው ልጆቻችንን ያሳደግነው። ሲያርፍ የትልቁ ልጃችን ባና ከሽመናው እንጨት ላይ አልወረደም ነበር፤ ድሩ ተወጥሮ፣ ማጉ እኩሌታው ላይ ደርሶ ቀረ።

ስለ ባህላችን አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ፤ በልቤ ብዙ ጊዜ አመላልሼዋለሁና። በእኛ ዘንድ ሀዘን መንገድ አለው። ሰልስቱ፣ ሰባቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁ፣ ሙት ዓመቱ እያለ ቀኑ ተቆርጦ ይታወቃል። ጎረቤት እዝን ይዞ ይመጣል፤ ሀዘንተኛዋ እሳት እንዳታነድ ይጠነቀቃሉ። የመጣው ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ትንሽ ከተለቀሰ በኋላ ይወራል፣ የሟቹ ጨዋታ ይነሳል፣ አንዱ ሟቹ በወጣትነቱ ከገበያ ሲመለስ ያደረገውን ይናገራል፣ ቤቱ በሙሉ ይስቃል። አዲስ አበባ ድንኳን ውስጥ ካርታ ሲጫወቱ የሚያመሹትን አይቶ የሚቆጣ ሰው አለ። እኔ አልቆጣም። የሚያመሹት ሀዘንተኛው ብቻውን እንዳያድር ነው፤ በመሐል የሚሰማው ሳቅም የለቅሶው አካል ነው። አባቶቻችን ሳቅን ከለቅሶ ቤት አላስወጡትም፤ ቦታ ሰጥተው አስቀመጡት።

ሥነ ልቦና የተማረች የእህቴ ልጅ ልትጠይቀኝ መጥታ ይህንኑ ነገር ስነግራት፣ ማርጋሬት ስትሮቤ እና ሄንክ ሹት የሚባሉ ሁለት የኔዘርላንድ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጡትን ሐሳብ አጫወተችኝ። ሀዘንተኛ ሰው በሁለት ነገሮች መካከል ይመላለሳል ይላሉ፤ አንድ ጊዜ ወደ ጎደለው፣ ሌላ ጊዜ ወደ ቀሪው ኑሮ። ከሀዘኑ ዞር ብሎ ማረፍም የሀዘኑ ሥራ ክፍል ነው፤ አንዱን ብቻ ይዞ መቅረት ነው የሚጎዳው። «ታዲያ ይሄን እኮ የአርባው ቀን ቡና ላይ እናውቀዋለን» አልኳት። «አዎ አክስቴ፣ እነሱ ግን አጥንተው ጻፉት» አለችኝ። ደስ አለኝ፤ እውነት ነው የሚሉት።

የሚከብደው ከአርባው በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ሰው ሁሉ ወደ እርሻው፣ ወደ ልጁ ይመለሳል፤ ይገባዋልም። ቤቱ ያኔ ነው ባዶ የሚሆነው። እኔም እንዝርቴን ያነሳሁት ያኔ ነው።

መጀመሪያ እጄ የሚያነሳው ጥቁሩን ጠጉር ብቻ ነበር። አልከለከልኩትም። ጥቁር ለብሼ፣ የነጠላዬን ጥለት ወደ ፊቴ አዙሬ፣ ጥቁር እፈትላለሁ። አንድ ቀን የተነደፈውን ጠጉር በቅርጫት ደጅ ትቼው ገብቼ ስወጣ ዶሮዋ ገብታ ተኝታበታለች። ላስነሳት ብል እየተቆጣች እምቢ አለች። ስትነሳ ያ ሁሉ ጥቁር ጠጉር መሐል ነጭ እንቁላል። ሳቄን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ ሳቅኩ።

ከዚያ ወዲያ ሌላውንም ማየት ጀመርኩ። ከደጋኑ የሚበተነውን ብናኝ ጠጉር ወፎች ከአጥሩ እየወረዱ ለጎጇቸው ይለቅማሉ፤ አንዷ ከአቅሟ በላይ ይዛ ለመነሳት ስትታገል አይቼ ሥራዬን አቆምኩላት። አሁን ሆን ብዬ ቁርጥራጩን አጥር ላይ አኖርላቸዋለሁ። የተከልኩት ነጭ ሽንኩርት ከዝናብ በኋላ አፈሩን ሰንጥቆ ሲወጣ ረድፉ ቀጥ ያለ ነበር፤ ረድፍ ማቃናት የባለቤቴ ነገር ስለነበር ደስታውም ሀዘኑም አንድ ላይ መጣ። አጥሩ ላይ ያለው ቀጋ ሲቀላ የጎረቤት ልጆች እጃቸውን እሾህ እየቧጠጣቸው ይለቅማሉ፤ ዱሮ እንዳይወድቁ እጮህባቸው ነበር፣ አሁን እንዝርቴን እያሾርኩ ማን ብዙ እንዳገኘ እዳኛለሁ። ጤና አዳሙን ሳልፍ በጣቴ አሽቼ ማሽተት ለምጃለሁ፤ ለቡናው ብቆርጠውም ባልቆርጠውም።

ሰው እንዳያየኝ መጨነቄን ግን አልሸሽግም። የሀዘን ልብስ ለብሳ የምትስቅ ሴት ይወራባታል። እንቁጣጣሽ ሲደርስ ልጃገረዶቹ አደይ አበባቸውንና እርጥብ ሣራቸውን ይዘው በየቤቱ አበባየሆሽ እያሉ ሲዞሩ እኔ ደጅ ሲደርሱ ዝም አሉ። ሀዘን ቤት መሆኑን እናቶቻቸው ነግረዋቸዋል። ትንሿ ግን አበባዋን በአጥሩ ክፍተት አሾልካ ትሰጠኝ ዘንድ እጇን ዘረጋች። ተነሥቼ በሩን ከፈትኩና «ግቡ» አልኳቸው። ዘፈኑ፤ በዝግታ ጀምረው ኋላ ላይ እንደ ልማዳቸው ጮኹ። ድፎ ቆርሼ ሰጠኋቸው።

ከሄዱ በኋላ አዛውንቷ ጎረቤቴ መጡ። ይወቅሱኛል ብዬ ልቤ ተሸበረ። አጠገቤ ተቀመጡና ከቅርጫቱ ጠጉር አንስተው እያፍታቱ፣ «እሱ ሲያስቅሽ የኖረ ሰው ነው፤ ዛሬ ብትስቂ ምን ይልሻል?» አሉኝ። እኒህ ሴት በ77ቱ ድርቅ ብዙ የቀበሩ ናቸው። እንዴት እንደቻሉት ስጠይቃቸው ስለ ጀግንነት አልነገሩኝም፤ የዚያን ዓመት ማብቂያ በጓሯቸው ስለበቀለ የጎመን ዘር ነገሩኝ። ማን እንደዘራው እስከ ዛሬ አያውቁም። ቅጠሉ እስኪበስል መጠበቅ አቅቷቸው ጥሬውን እየቆረሱ እንደበሉ ሲነግሩኝ ይስቁ ነበር፣ ዓይናቸው ግን እንባ ሞልቶት ነበር። ሁለቱም እውነት መሆኑን ያን ቀን ከፊታቸው አየሁት።

ከእንጨቱ ያልወረደውን ባና በተመለከተ ልጄ «እናቴ፣ እንዲሁ ይቀመጥ» ሲለኝ ቆየ። አልተስማማሁም። ባና የሚለበስ ነገር ነው፤ ድሩም ተወጥሮ ሲቆይ ይላላል፣ ብልም ይበላዋል። የባለቤቴን እጅ የሚያውቅ ሌላ ሸማኔ ጠርቼ የቀረውን ማግ ራሴ ፈትዬ ሰጠሁት። ሰውየው ማጉን ሲመታ ከባለቤቴ ጠበቅ ያደርጋል። ስለዚህ የአንዱ እጅ አልቆ የሌላው የጀመረበት ቦታ በግልጽ ይታያል፤ በጣት ሲዳሰስም ይታወቃል። «አለስልሼ ላመሳስለው?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። እንዳለ ይሁን አልኩት። ልጄም ሲደርብ የአባቱን ወገን ወደ ላይ አድርጎ ነው።

አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሆና ሀዘን የገባባት የአጎቴ ልጅ በስልክ «እኔ በግ የለኝ፣ ጓሮ የለኝ» አለችኝ። ጥጥ ገዝተሽ ባዘቶ አውጪ፣ ጤና አዳሙን በጣሳ ተክለሽ በረንዳው ላይ አኑሪ፣ አንቺም ከአጠገቡ ተቀመጪ አልኳት። አደራ ያልኳት አንድ ነገር ነው፤ ፈትሉን ቴሌቪዥን ፊት እንዳታደርገው። የሰው ድምፅ የሚሰማበት፣ መንገድ የሚታይበት ቦታ ይሁን። ደስ የሚል ነገር ብታይ ለማንም መልስ የምትሰጪበት አይደለም፤ ብታለቅሺም እንደዚያው። ክሩ ሲበጠስ ቀጥዪው።

እኔ አሁን የያዝኩት የትንሿን ልጄን ባና ነው። ቡናማውን ድር፣ ነጩን ማግ ላደርገው አስቤአለሁ፤ በቤታችን እንዲህ ያለ ተሠርቶ አያውቅም። ሸማኔው ነጩ ቶሎ ይቆሽሻል ብሎ ሊያስጥለኝ ሞከረ፣ አልሰማሁትም። ከእኛ መንጋ የተሸለተው ነጭ ግን አልበቃኝም፤ ለሚመጣው ገበያ በማለዳ ወርጄ ከበግ አርቢዎቹ ላማርጥ ነው።