ዲስክ በዛፎች መሀል

ካምፓላ ውስጥ፣ በናካሴሮና በኮሎሎ ኮረብቶች መካከል የተዘረጋውን የኪታንቴ ጎልፍ ሜዳ ሳይ የሚያምረኝ ጎልፍ አይደለም፤ ዲስክ ጎልፍ ነው። ጎልፍ ውድ ዱላና የተስተካከለ ሣር ይፈልጋል። ዲስክ ጎልፍ ግን ወደ ዒላማ የሚወረወር አንድ የፕላስቲክ ዲስክና ዛፍ የበዛበት የሕዝብ መናፈሻ ይበቃዋል።

ጨዋታው ቋሚ ሜዳ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1975 ካሊፎርኒያ በሚገኘው ኦክ ግሮቭ መናፈሻ ነው። ሜዳውን የነደፈው ኤድ ሄድሪክ መጀመሪያ ለዒላማ ምሰሶ ይጠቀም ነበር፤ ዲስኩ ነካ አልነካ የሚለው ክርክር እንዲቀር ሰንሰለት የተንጠለጠለበትን ቅርጫት ሠራ። በ2002 ሲሞትም በምኞቱ መሠረት አመዱ ከፕላስቲክ ጋር ተቀላቅሎ ዲስክ ተሠራበት። ለአበሻ ጆሮ ይከብዳል፤ ሰውየው ግን ጨዋታውን ከልቡ ወዶታል።

ደስታው ያለው ጫካው ውስጥ ነው። ገላጣ ሜዳ ላይ ጉልበት ያለው ይቀድማል፤ ዛፍ ሲበዛ ግን ጉልበተኛው ግንድ ሲመታ ይውላል። ክንዱን ደረቱ ላይ አጥፎ ወደ ውጭ የሚወረውር ቀኝ እጀኛ፣ ዲስኩ ፍጥነቱ ሲበርድ ወደ ግራ እንደሚታጠፍ ያውቃል። ስለዚህ ከግንዱ በስተቀኝ ይለቀዋል፤ ዲስኩ ዛፉን አልፎ፣ ቀስ ብሎ ዘንበል ይልና ከጀርባው ይገባል። ለእኔ ያቺ መታጠፍ ከቅርጫቱም ትበልጣለች። ቅርንጫፍ ላይ የቀረን ዲስክ በድንጋይ ማውረድስ? ደንቡ ውስጥ ባይጻፍም የጨዋታው ግማሽ እሱ ነው።