ጉልበት ከወዴት ይመጣል? የባዱዋንጂን ስሞች ሲነበቡ



በኅብረታችን ያለች አንዲት እህት ለወራት ድካም ተጫጫናት። ጠዋት ከአልጋ መነሣት፣ ደረጃ መውጣት፣ በጥናት ሰዓት ነቅቶ መቆየት ሁሉ ከበዳት። በስልኳ ያገኘችውን የጀማሪዎች ትምህርት እየተከተለች በየማለዳው ክፍሏ ውስጥ ዝግ ያለ የቻይና እንቅስቃሴ መሥራት ጀመረች። ወሬው ሲሰማ ኅብረቱ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን «ይህ የባዕድ አምልኮ በር ነው፤ ድካምሽም ውጊያ ነው» አላት። ሌላው ወገን «ስፖርት ነው፤ ምን አለበት?» አለ። እርሷም በሁለቱ መካከል ተጨንቃ ጥቂት እሑዶች ቀረች።

ሰው በአሳብ መለያየቱ አላስደነቀኝም። ያሳፈረኝ ከተከራካሪዎቹ አንድ እንኳ ትምህርቱን ቁጭ ብሎ አለማየቱ ነው። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ። የሥነ ጽሑፍ መጽሔት የምናነብ ከሆንን ግን ከመፍረድ በፊት ማንበብ ግዴታችን ነው። እንግዲህ ዘግይቼም ቢሆን ያነበብሁትን ላካፍላችሁ።

እህታችን የጀመረችው ባዱዋንጂን ይባላል። «ስምንት ቁራጭ ጥልፍ ሐር» እንደ ማለት ነው። ስሙ በቻይና ጽሑፎች ከሶንግ ሥርወ መንግሥት (960–1279) ዘመን ጀምሮ ይገኛል። ዛሬ ለጀማሪዎች በስፋት የሚሰጠው የቻይና መንግሥት የስፖርት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 አስተካክሎ ያወጣው ቅጂ ነው። እንቅስቃሴዎቹ ስምንት ናቸው፤ ቆመው ይሠራሉ፤ ሁሉም ተሠርተው ሩብ ሰዓት አይሞሉም።

እኔን የሳበኝ ስማቸው ነው። የአብዛኞቹ ስም ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ክፍል አካል የሚያደርገውን ይናገራል፤ ሁለተኛው የሚገኘውን ጥቅም ተስፋ ይሰጣል። የመጀመሪያውን ውሰዱ፦ ሁለት እጅን አጣምሮ ሰማይን ወደ ላይ መደገፍ፤ ተስፋው ደግሞ የሆድ ዕቃን ማስተካከል ነው። አምስተኛው ራስንና ወገብን ማወዛወዝ ነው፤ ተስፋው የልብን እሳት ማብረድ ነው። የመጨረሻው ተረከዝን አንሥቶ ሰባት ጊዜ ወደ መሬት መጣል ነው፤ ተስፋው መቶ በሽታን ማባረር ነው።

የስሞቹን የመጀመሪያ ክፍል ሳነብ ደራሲዎቹን ማድነቅ ግድ ሆነብኝ። በሁለተኛው እንቅስቃሴ ጀማሪው ቀስት ስቦ ጭልፊት እንደሚያድን ይቆማል። «ጀርባህን አቅና፣ ደረትህን ክፈት፣ ዓይንህን ወደ ሩቅ ጣል» ተብሎ በአንድ ጊዜ ቢታዘዝ ግራ ይጋባል። «ጭልፊት አድን» ሲባል ግን ሦስቱንም ሳያስበው ያደርጋል። ጥሩ ምሳሌ የአንድ ገጽ ማብራሪያ ይተካል። ስብከት የምታዘጋጁ ወጣቶች ከዚህ የምትማሩት አላችሁ።

ችግሩ ያለው በሁለተኛው ክፍል ነው። እሱንም ቢሆን አንሽሽ፤ እናንብበው። እኛም እኮ «ልቤ ተቃጠለ»፣ «ሆዴ ባባ»፣ «አንጀቴ ራሰ» እንላለን። እናታችን «አንጀቴ ተቆረጠ» ስትል ግን ወደ ቀዶ ሕክምና አንወስዳትም። መጽሐፍ ቅዱሳችንም እግዚአብሔር ኩላሊትን እንደሚመረምር ሲናገር የውስጥን አሳብ ማለቱ እንደ ሆነ እናውቃለን። «የልብ እሳት» ስለ ጭንቀት የተነገረ ዘይቤ ቢሆን ኖሮ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም ነበር። ነገር ግን የጀማሪዎች ትምህርት ዘይቤውን እንደ ሕክምና ቃል አድርጎ ያቀርበዋል። ዘይቤ በመድኃኒት ማዘዣ ላይ ሲጻፍ አደገኛ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ ሥር ያለው አንድ ቃል ነው፦ ቺ። አብዛኞቹ መምህራን «የሰውነት ኃይል» ብለው ይተረጉሙታል። ቃሉ በቻይንኛ አየርን፣ እስትንፋስንና እንፋሎትንም ያመለክታል፤ በቀድሞው አጻጻፉ ከሥሩ ሩዝ የሚለውን ምልክት ይዟል። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ነፋስ፣ ነፍስ፣ እስትንፋስ፣ መንፈስ የሚሉት የራሳችን ቃላት ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። የሰው ልጅ በየትም አገር እስትንፋሱን እያየ ስለ ሕይወቱ አስቧል። ሆኖም ቃላት ዘመዳሞች ስለ ሆኑ ብቻ ነፋስ መንፈስ ቅዱስ አይሆንም። እንዲሁም በሰውነት ውስጥ በቦዮች ይፈስሳል የሚባለው ቺ፣ ሐኪም ከሚለካው ኃይል ጋር አንድ ነው ሊባል አይችልም። ጡንቻችን የሚሠራበት ኃይል ከምግብና ከምንተነፍሰው ኦክስጅን ይገኛል፤ ይህ ይለካል። ቺ ግን በመሣሪያ ተለክቶ አልታየም።

«ታዲያ መዳፌ ለምን ይሞቃል?» ትሉ ይሆናል። አሁን ይህን እያነበባችሁ አሳባችሁን በግራ እግራችሁ መዳፍ ላይ አድርጉ። ከአፍታ በፊት ያላስተዋላችሁት ስሜት ተሰማችሁ አይደል? ትኩረት ያለውን ስሜት ያጎላዋል። ዝግ ብሎ መተንፈስና ጡንቻን ማላላት ደግሞ ደም ወደ እጅ በደንብ እንዲደርስ ይረዳል። ስሜቱ እውነት ነው፤ የሚሰጠው ማብራሪያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ይህን የምናገረው ቻይናን ለመንቀፍ አይደለም። እንዲህ ያሉ ልምምዶች «ቺጎንግ» በሚል ስም በሰፊው የታወቁት በ1950ዎቹ በጤና ተቋማት አማካይነት ነው። በ1980ዎቹ ግን ከእጃችን በሚወጣ ቺ ከሩቅ እንፈውሳለን የሚሉ መምህራን በዙ፤ ሕዝብም ጎረፈላቸው። ከተቃወሟቸው መካከል የቻይና ሳይንቲስቶች ራሳቸው ነበሩ። መመርመር የምዕራባውያን ወይም የክርስቲያኖች ብቻ ሥራ አይደለም።

እውነቱን ለመናገር፣ የሚተቸው ያ ትምህርት ብቻ ቢሆን ይህን ጽሑፍ ባልጻፍሁ ነበር። እኛስ «ኃይል» የሚለውን ቃል እንዴት እንጠቀምበታለን? መዳፋችን ሲሞቅ፣ ሰውነታችን ሲንቀጠቀጥ «ኃይል ወረደ» እንላለን። ምንም ያልተሰማው ወንድም ከጉባኤው ሲወጣ ጌታ እንዳለፈው ይቈጥራል። የቺ መምህር ሙቀትን ለትምህርቱ ማስረጃ ቢያደርግ እንታዘበዋለን፤ እኛም ግን ያንኑ ሙቀት ለመንፈስ ቅዱስ ማስረጃ እናደርጋለን። ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች የመንፈስን ፍሬ ሲዘረዝር ፍቅርንና ትዕግሥትን ጠራ፤ የመዳፍ ሙቀት በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ወደ እህታችን ልመለስ። አንድ ቀን ታላቅ እህቷ እጇን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ደሟ ሲመረመር የደም ማነስ ተገኘባት። ብረት ሲያንስ ደም ኦክስጅንን በበቂ መሸከም ያቅተዋል፤ ያን ጊዜ ደረጃ ተራራ ይሆናል። የስልኩ ትምህርት «ቺሽ ተዘግቷል» ብሏት ነበር። እኛ ደግሞ «ውጊያ ነው» ብለናት ነበር። ሁለታችንም የማይታየውን ለማብራራት ስንሽቀዳደም የገረጣ ፊቷን አላየንም።

እንግዲህ እንቅስቃሴው ይሠራ ወይስ አይሠራ? የምታገኙትን ሁሉ በሁለት ክፈሉት። እጅን ማንሣት፣ ወገብን ማዞር፣ ቀስ ብሎ መተንፈስ የማንም ሃይማኖት ንብረት አይደለም። የባዱዋንጂን ዘመድ የሆነው ታይ ቺ በዕድሜ የገፉ ሰዎች መውደቅን እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳይተዋል። ነገር ግን ትምህርቱ መድኃኒታችሁን እንድትተዉ፣ ከመምህር የሚወጣ ኃይል እንድትቀበሉ፣ ወይም ከጌታ ሌላ በምንም ላይ እንድትደገፉ ሲጠይቅ እዚያ ላይ ቁሙ። ኅሊናው የማይፈቅድለት ወንድም ካለ ደግሞ አታስገድዱት፤ ጳውሎስ ስለ ምግብ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈው እዚህም ይሠራል። በእግርና በሩጫ የሚደሰት በእግሩ ይሂድ፣ ይሩጥ።

በመጨረሻ 1ኛ ነገሥት 19ን ከፍታችሁ አብራችሁ አንብቡ። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ በታች ወድቆ ሞትን ሲለምን፣ እግዚአብሔር ከመናገሩ በፊት እንቅልፍ ሰጠው፤ መልአኩም እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ ያውም ሁለት ጊዜ። በዚያ ምግብ ጉልበት ወደ ኮሬብ ሄደ፤ ዝግ ያለውን ድምፅ የሰማው ከዚያ በኋላ ነው። የነቢዩን ድካም ማንም ኃጢአት አላለውም።

ስለዚህ አንዲት እህት «ደክሞኛል» ስትላችሁ አስቀድማችሁ «በልተሻል? ተኝተሻል? ተመርምረሻል?» ብላችሁ ጠይቋት። ካስፈለገም ጤና ጣቢያ ድረስ አብራችኋት ሂዱ። በመንገድ ላይም ጸልዩላት።