የወንድ ሕፃናት ግዝረት፤ «የአገር ልማድ ነው» የሚለው መልስ ሲመረመር

በአዲስ አበባ በልደታ ሰፈር፣ እንደ ቀሩትም የከተማው ሰፈሮች ሁሉ፣ በክርስቲያን ቤት ወንድ ልጅ ሲወለድ ስምንተኛው ቀን አስቀድሞ የሚቈጠር ቀን ነው። ቀድሞ በዚያ ቀን ገራዡ ምላጩን ይዞ ወደ አራሷ ቤት ይመጣ ነበር፤ ኋላ ሥራው ወደ ድሬሰር እጅ፣ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ሐኪም ቤት እየዞረ መጥቷል። ከዚህም የተነሣ ቀኑ እንደ ድሮው አይጠብቅም፤ ለሐኪሙና ለወላጆቹ እንደ ተመቸ ይገፋል። በአጥር የሚዋሰነው የሙስሊም ቤተ ሰብ ልጁን የሚያስገርዝበት ዕድሜ ሌላ፣ የሚሰጠውም ምክንያት ሌላ ነው። ነገር ግን ሁለቱም ቤቶች «ይህን ሕፃን ለምን ታስገርዙታላችሁ?» ተብለው ቢጠየቁ ጥያቄው ራሱ ያስደንቃቸዋል። በዚህ አገር «ቈላፍ» ማለት ስድብ ነው እንጂ ሰው ተቀምጦ የሚከራከርበት አሳብ ሆኖ አያውቅም።

ይሁን እንጂ ጥያቄው ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለም። ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ከውጭ ሲቀርብለት ኖሯል፤ መልስም ሰጥቶበታል። የሚያሳዝነው የዛሬዎቹ ተከራካሪዎች፣ ደጋፊዎቹም ነቃፊዎቹም፣ ያንን መልስ አንሥተው አለመመርመራቸው ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በ1442 የፍሎረንስ ጉባኤ የግብጽን ክርስቲያኖች ከሮማ ጋራ ለማስታረቅ ባወጣው ድንጋጌ በክርስቶስ ስም የሚጠራ ሁሉ ከጥምቀት በፊትም ሆነ በኋላ ግዝረትን እንዲተው አዘዘ። ከኢየሩሳሌም የሄዱ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ባለፈው ዓመት በዚያው ጉባኤ ተገኝተው ስለ ነበር ትእዛዙ እነርሱንም የሚነካ ነበር። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የተቀመጠው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ደግሞ በ1540 በሊዝቦን በታተመው መጽሐፉ ስለዚሁ ነገር አጭር፣ ነገር ግን ብዙ የሚያስተምር ቃል ትቷል። እንደ እርሱ አባባል ግዝረቱን ማንም ሰው ይፈጽመዋል፤ የተለየ ጸሎትና ሥርዓት የለውም፤ በመጻሕፍት ተጽፏል ከማለት በቀር ሌላ ምክንያት አይሰጡም፤ ሴቶችም እንደ ወንዶች ይገረዛሉ፣ ይህም በኦሪት የሌለ ነገር ነው። አልቫሬዝ ያየውን ሳያጋንን ከጻፉት እንግዶች አንዱ ስለሆነ ይህ ምስክርነት ቀላል አይደለም።

ዋናው መልስ የመጣው በ1555 ነው። ዐፄ ገላውዴዎስ በግዕዝ በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ «ኢትዮጵያውያን አይሁዳውያን ናቸው» ለሚለው ክስ በሦስት ነገር፣ ማለት ስለ ቅዳሜ ሰንበት፣ ስለ ግዝረትና የእሪያ ሥጋ ስላለመብላት መልስ ሰጡ። ስለ ግዝረት ያሉት በአጭሩ ይህ ነው። ጳውሎስ መገረዝም አለመገረዝም እንደማይጠቅም ያስተማረውን እናውቃለን፤ ስለዚህ እንደ አይሁድ አንገረዝም፤ በእኛ ዘንድ ያለው ግዝረት የአገር ልማድ ነው፤ በኢትዮጵያና በኖባ ፊትን እንደ መብጣት፣ በሕንድም ጆሮን እንደ መብሳት ያለ ነው።

ይህን መልስ ብዙዎች ከሮማ መልእክተኞች ለማምለጥ የተፈጠረ ብልኀት አድርገው ይመለከቱታል። ብልኀት እንዳለበት አይካድም። ነገር ግን ከአልቫሬዝ ቃል ጋራ ሲነጻጸር እውነትነቱ ጐልቶ ይታያል። ካህን የማይፈጽመው፣ ጸሎት የማይደገምበት፣ ከሰባቱ ምሥጢራት ያልተቈጠረ፣ ክርስትናውም በአርባ ቀን የሚከተለው ሥራ የሃይማኖት ሕግ ነው ለማለት ያስቸግራል። ቤተ ክርስቲያን የጌታን ግዝረት ጥር 6 ቀን ታከብራለች፤ የሕፃናቱን ግዝረት ግን ለቤተ ሰብ ትታዋለች።

ንጉሡ ልማድ ነው ያሉት ነገር ግን ለሕዝቡ ከልማድ የከበደ መሆኑ ሳይቈይ ታየ። በ1625 ፓትርያርክ ሆኖ የመጣው አፎንሶ ሜንዴዝ ግዝረትንና ቅዳሜን ለማስቀረት ሲነሣ ከተቈጣው ሕዝብ ቍጣ አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር፤ በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ የቀድሞው ሃይማኖት ይመለስ ብለው ዐዋጅ እስኪያስነግሩ ድረስ ብዙ ደም ፈሰሰ። ሰው በመጽሐፍ «አይጠቅምም» ብሎ የጻፈውን ነገር ሌላ ሰው «ተው» ሲለው ይሞትለታል።

ባለፈው መቶ ዓመት ሊቃውንቱ ክርክሩን ከሃይማኖት ወደ ታሪክ አዞሩት። ኤድዋርድ ኡለንዶርፍ በ1956 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ኋላም በ1968 በወጣው «ኢትዮጵያና መጽሐፍ ቅዱስ» በተባለው መጽሐፉ የስምንተኛውን ቀን ግዝረት ከሰንበትና ከምግብ ሕግ ጋራ አስተባብሮ ከጥንት የዕብራውያን ርስት ቈጠረው። ማክሲም ሮዳንሶን ግን በ1960ዎቹ ዓመታት በሰጠው መልስ ብሉይ ኪዳንን አዘውትሮ የሚያነብ ክርስቲያን ያለ አይሁዳዊ መምህርም ኦሪትን ሊመስል ይችላል ሲል ተከራከረ። የሮዳንሶን አሳብ ይበልጥ የሚያሳምን ነው። ሆኖም የክርክሩ ሁሉ ክብደት በቀኑ ላይ ሲያርፍ አልቫሬዝን ያስገረመችው ሴት ልጅ በዳር ቀርታለች። ኦሪት የማያዝዘው የሴት ግዝረት ከወንዱ ጐን በአንድ ቤት መገኘቱ ምላጩ ከመጽሐፉ በፊት በአገሩ እንደ ነበረ ያመለክታል። በግብጽ በሳቃራ፣ በአንክማሆር መቃብር ግድግዳ ላይ ከልደተ ክርስቶስ በፊት ከ2,000 ዓመት አስቀድሞ የጐልማሶች ግዝረት ተቀርጿል። ሄሮዶቱስም ከጥንት ጀምሮ ከሚገረዙት ሕዝቦች መካከል ግብጻውያንንና ኢትዮጵያውያንን ጠቅሷል፤ የእርሱ ኢትዮጵያ የዛሬዪቱ ብቻ አለመሆንዋ የታወቀ ነው። መነኩሴው ባሕርይ በ1593 ስለ ኦሮሞ በጻፈው ታሪክ ግዝረት ከሉባው ተራ ጋራ የተያያዘ የጐልማሶች ሥርዓት እንጂ የአራስ ቤት ጕዳይ አልነበረም። እንግዲህ ምላጩ የአካባቢው፣ ስምንተኛው ቀን የመጽሐፉ ይመስላል።

በዚህ ላይ አንድ የቅርብ ጊዜ ነገር ማንሣት ይገባል። ይህንን ልማድ በስምንተኛው ቀን በጥንቃቄ ሲጠብቁ የኖሩት ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል አገር ሲገቡ ረቢዎቹ ግዝረታቸውን ተጠራጥረው ምልክት የሚሆን የደም ጠብታ እንዲያፈስሱ ጠየቋቸው፤ ከነርሱ ብዙዎች ይህን ውርደት ነው ብለው እንቢ አሉ። አንዱ ወገን በግዝረቱ አይሁዳዊ ነህ ብሎ ሲከስስ ሌላው ወገን ያንኑ ግዝረት ለአይሁዳዊነት አይበቃም አለ።

የገላውዴዎስ መልስ ለአራት መቶ ዓመታት ያህል ጋሻ ሆኖ ቈየ። ዛሬ ግን ያው ቃል በሌላ ፊቱ ተገልጧል። በ1995 የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶችን ከጐጂ ልማድ የመጠበቅ ግዴታ በመንግሥት ላይ ጣለ፤ በ2004 የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 565 የሴትን ግዝረት በእስራት ወይም በገንዘብ የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገው። በ2000 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ከመቶ 80 ያህሉ የተገረዙ ሲሆኑ በ2016 ቍጥሩ ወደ 65 ወርዷል። ይህ ሁሉ የተደረገው «ልማድ ነው» የሚለው ምክንያት አይበቃም ተብሎ ነው። እንግዲህ በዚያው ቤት፣ በዚያው ምላጭ፣ በዚያው ስም የተገረዘው ወንድም በምን ምክንያት ከጥያቄ ውጭ ይሆናል?

ብዙዎች ለዚህ የሚሰጡት መልስ «የወንዱ ሃይማኖት ነው» የሚል ነው። ሙስሊሙ ይህን ቢል ከመምህራኑ ትምህርት ጋራ ይስማማል፤ የኦርቶዶክሱ ክርስቲያን ግን ይህን ሲል ሳያውቀው የገላውዴዎስን መግለጫ ይሽራል፤ ከሳሾቹ ያሉትንም ይቀበላል። የሚጸናው ልዩነት ሌላ ነው፤ ይኸውም የጕዳቱ መጠን ነው። የሴቲቱ ግዝረት ጤናማ የአካል ክፍል ቈርጦ ይጥላል፣ በወሊድ ጊዜ ያስቸግራል፣ ለጤና የሚሰጠው ጥቅም አንድም የለም፤ የወንዱ በንጹሕ መሣሪያና በሠለጠነ እጅ ከተሠራ ጕዳቱ ጥቂት ነው። ሁለቱን አንድ አድርገው የሚናገሩት የውጭ አገር ጸሐፊዎች ስለዚህ አይረቱም። ነገር ግን ልዩነቱን በጕዳት የሚመዝን ሰው ሚዛኑን ለወንዱም ሊጠቀምበት ይገደዳል። ባልተቀቀለ ምላጭ የተገረዘ፣ ደሙ አልቆም ያለ ወይም ቍስሉ ያመረቀዘ የስምንት ቀን ሕፃን በዚህ ሚዛን ነጻ አይወጣም።

ሌላው መሸሸጊያ ሕክምና ነው። በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ የተደረጉት ፈተናዎች ግዝረት ከሴት ወደ ወንድ የሚተላለፈውን ኤች አይ ቪ በ60 ከመቶ ያህል እንደሚቀንስ ስላሳዩ የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ለአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች ግዝረትን መክሯል። በኢትዮጵያም ሥራው የተካሄደው በጋምቤላ ነው፤ ኑዌሮችና አኝዋኮች በባህላቸው አይገርዙምና። ይህ ለጋምቤላ ጐልማሳ ትልቅ ነገር ነው። ለልደታው አራስ ቤት ግን ምክንያት አይሆንም፤ ፈተናው በፈቃዳቸው በተገረዙ ጐልማሶች ላይ የተደረገ ነው፤ በልደታም ሰው የሚገርዘው ሐኪም ስለ መከረው አይደለም።

ነቃፊዎቹ አጥብቀው የሚይዙት ሕፃኑ አልተጠየቀም የሚለውን ነው። የኮሎኝ ፍርድ ቤት በ2012 በአንድ የአራት ዓመት ሕፃን ጕዳይ የወላጆች የሃይማኖት መብት ይህን ሥራ ሕጋዊ አያደርገውም ሲል ፈረደ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የጀርመን ምክር ቤት የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። አሳቡ ግን አልጠፋም፤ ክብደትም አለው። ግዝረት ቢዘገይ ባህል ይፈርሳል የሚለውን መልስ የገዳው ሥርዓት ራሱ ያፈርሰዋል፤ በዚያ የሚገረዘው ዐውቆ ነው። ሆኖም እነዚህ ሰዎች የሚመዝኑት ሥጋን ብቻ ነው። ከመቶ ወንዶች ከ90 የሚበልጡት በተገረዙበት አገር ሳይገረዝ ያደገ ልጅ በትምህርት ቤት ከእኩዮቹ የሚደርስበትን ኀፍረት፣ ሲያድግም በሚያሳምመው ዕድሜ የሚቀበለውን ቍስል የሚቈጥርለት የለም። የአገሩም ሰው በበኩሉ ኀፍረቱን ብቻ ይቈጥራል።

የጀርመኑ ሕግ ሳያስበው አንድ ነገር አሳይቷል። ሕፃኑ ስድስት ወር እስኪሞላው ሐኪም ያልሆነ ሰው ሊገርዘው የሚችለው የሃይማኖት ማኅበር ያቆመውና ለሥራው የሠለጠነ ሲሆን ነው። በዚያ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን ይህን በር ሊጠቀምበት አይችልም፤ ገራዡን ቤተ ክርስቲያን ሹማ አታውቅምና። የእርሱ መንገድ ሐኪም ቤት ነው፤ ሕጉም ለሐኪሙ ሲሆን የወላጅን ምክንያት አይጠይቅም።

በአገር ቤትም የወንጀል ሕጉ የሴቲቱን ሲጠቅስ የወንዱን በስም አያነሣም። ማን ይገርዝ፣ በምን ይገርዝ፣ ምን ተምሮ ይገርዝ የሚለው ያለ መልስ ይኖራል፤ ስለ ኦሪትና ስለ ዕብራውያን የተጻፈውም ወረቀት ስለ ገራዦቹ ከጥቂት መስመር አያልፍም። ምላጩን ከማን እንደ ተማሩ፣ በምን ይከፈላቸው እንደ ነበር፣ ቍስሉ ላይ ምን ያደርጉ እንደ ነበር፣ ደም እንቢ ሲል ወዴት ይሮጡ እንደ ነበር የሚናገሩት ሽማግሌዎች በልደታ አሮጌ ሰፈሮች ይገኙ ነበር። እነዚያ ሰፈሮች ከ2009 ገደማ ጀምሮ እየፈረሱ በስፍራቸው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተተክለዋል፤ ነዋሪዎቹም ወደ ከተማው ዳር ዳር ተበትነዋል።