ሰማዩን አይቶ ከተማውን ስለ መርሳት

ልብ ካላየ ዐይን አያይም ይላሉ አባቶቻችን። ይህ አነጋገር ለሰው ዐይን ብቻ የተነገረ ይመስላል እንጂ ለፎቶግራፍ መሣሪያም የሚሆን ነው። መሣሪያው ብርሃንን ይቀበላል፤ የተቀበለውን ግን አያውቅም። የሚያውቀው ወይም የማያውቀው ከመሣሪያው በስተኋላ የቆመው ሰው ነው። ስለዚህ አንድን ፎቶግራፍ መመርመር ማለት ከመስተዋቱ ጥራት ይልቅ የአንሺውን ልብ መመርመር ማለት ነው።

ዛሬ ልመረምረው ያሰብሁት የፎቶግራፍ ዓይነት ወጣቶች እጅግ የሚወዱት ነው። ይኸውም ከከፍታ ላይ ሆኖ አንድን ከተማ ከዳር እስከ ዳር ባንድ ሥዕል ማንሳት ነው፤ በተለይም ሰማዩ ጠቁሮ፣ ደመናው ተከምሮ፣ መብረቁ ሲብለጨለጭ ወይም ፀሐይ በደመናው ቀዳዳ ብርሃኗን ስትጥል ማንሳት ነው። በክረምት ወደ እንጦጦ የወጣ ሰው ስልካቸውን ይዘው ይህችን ሰዓት የሚጠባበቁ ወጣቶችን ያገኛል። ውበቱን እኔም አልክድም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ የሥዕሉ ግርማ የከተማው ነው ወይስ ከሰማይ የተበደረ ነው?

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና፣ በዚህ ዓይነት ሥራ ከታወቁት ሥዕሎች አንዱን አንሥተን እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ኤፕሪል 18 ቀን 1906 ማለዳ በአሜሪካ የምትገኘው የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በምድር መናወጥ ተመታች። ከመናወጡ ይልቅ ቀጥሎ የተነሣው እሳት ከፋ፤ ቀናትን ፈጅቶ 28,000 ያህል ቤቶችን አወደመ። ከከተማው 400,000 ያህል ነዋሪዎች ከግማሽ የሚበልጡት መጠለያ አጡ። የሞቱትም 3,000 ገደማ እንደሚሆኑ ይገመታል። ጆርጅ ሎውረንስ የተባለ የቺካጎ ፎቶግራፍ አንሺ ከአደጋው በኋላ ወደ ስድስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ የከተማዪቱን ፍርስራሽ በሙሉ ባንድ ሥዕል አነሣ።

እንዴት አድርጎ? በዚያ ዘመን አውሮፕላን ገና ሕፃን ነበር። ሎውረንስ ቀደም ሲል በ1901 በፊኛ ተሰቅሎ ሲያነሣ የተቀመጠበት ቅርጫት ተበጥሶ ወድቆ ነበር፤ ከሞት ያዳነው የስልክ ሽቦ ላይ ማረፉ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰውን ከምድር አስቀርቶ መሣሪያውን ብቻ ወደ ላይ የሚያወጣ ዘዴ ፈለገ። በገመድ የሚያዙና በነፋስ የሚንሳፈፉ ካይት የሚባሉትን መብረሪያዎች ባንድ መሥመር አያይዞ፣ 22 ኪሎ ያህል የሚመዝነውን መሣሪያ አንጠለጠለባቸው። መሣሪያው በባሕሩ ወሽመጥ ላይ 2,000 ጫማ፣ ማለት 600 ሜትር ያህል ከፍ አለ። በገመዱ ውስጥ በተላከ ኤሌክትሪክ መሣሪያው ተከፈተ፤ መከፈቱንም ትንሽ ጃንጥላ ወርዳ ለታች ሰዎች አስታወቀች። ሥዕሉ ከአንድ ሜትር በላይ ርዝመት ባለው ባንድ ፊልም ላይ ታተመ።

በሥዕሉ ላይ ከፊት ወደቡና መርከቦቹ ይታያሉ። ከዚያ ወዲያ ሰፊው የማርኬት ጎዳና ባዶ ግድግዳዎችን ለሁለት ከፍሎ ወደ ኮረብታዎቹ ይሄዳል። ከሁሉ በላይ ግን ሰማዩ አለ። ፀሐይ በጎልደን ጌት በኩል ትጠልቃለች፤ ደመናው ይከብዳል፤ የብርሃኑ ነጸብራቅ ውኃው ላይ ይወርዳል። ነገሩን የማያውቅ ተመልካች እሳቱ ገና ያልጠፋ ይመስለዋል።

ፍርድ ከምስጋና ቢጀምር መልካም ነው። የሎውረንስ ሥዕል በሦስት ነገር ይመሰገናል። አንደኛ፣ ሰማዩና ከተማው የአንድ ሰዓትና የአንድ ፊልም ናቸው። ሁለተኛ፣ በሥዕሉ ግርጌ የተጻፈው ቃል ቦታውን፣ የከፍታውን ልክ፣ የፀሐይዋንም መጥለቅ ሳይደብቅ ይናገራል። ሦስተኛ፣ የጥፋቱን ስፋት ከየትኛውም የቃል መግለጫ ይበልጥ ያስረዳል። በእግሩ የሚሄድ ሰው አንዱን መንገድ አልፎ ሌላውን ሲያይ የመጀመሪያውን ይረሳል፤ ይህ ሥዕል ግን ሁሉን ባንድነት ያቀርባል።

ነቀፌታዬም ይህ ነው። ከ600 ሜትር ከፍታ ሰው አይታይም። በየሜዳውና በየመናፈሻው በድንኳን የሚያድሩት እናቶች፣ በጡብ ክምር መካከል ዕቃቸውን የሚፈልጉት ሽማግሌዎች በዚህ ሥዕል ቦታ የላቸውም። በእነርሱ ፈንታ የቆመው የፀሐይ መጥለቅ ነው። የፀሐይ መጥለቅ ደግሞ ሐዘንን ጣፋጭ የማድረግ ጠባይ አለው። ተመልካቹ «እንዴት ያለ ጥፋት ነው!» ብሎ ይጀምርና «እንዴት ያለ ብርሃን ነው!» ብሎ ይጨርሳል። ሎውረንስም የሥዕሉን ቅጅ አንዱን በ125 ዶላር እየሸጠ በጠቅላላው 15,000 ዶላር ያህል እንዳገኘበት ይነገራል። ለድካሙ ዋጋ ማግኘቱን አልነቅፍም። ነገር ግን ገዢዎቹ በግድግዳቸው የሰቀሉት ጥፋቱን ነው ወይስ ጀንበሪቱን ነው ብዬ እጠይቃለሁ።

ይህን ከሌላ ሥራ ጋር እናስተያየው። ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1893 አልፍሬድ ስቲግሊትዝ የተባለ አሜሪካዊ በኒው ዮርክ አምስተኛው ጎዳና በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ ሦስት ሰዓት ያህል ቆሞ ጠበቀ። ያነሣው በፈረስ የሚሳብ ሠረገላ በበረዶው ውስጥ እየታገለ ሲመጣ ነው። በዚህ ሥዕልም ክፉ የአየር ጠባይ አለ፤ ግን አንሺው ከነጂው ጋር በአንድ መንገድ ላይ ቆሟል፤ ነጂውን የመታው በረዶ አንሺውንም መትቶታል። ስለዚህ ተመልካቹ ብርዱን ከሰው ጋር ሆኖ ያየዋል። እርግጥ ይህ ሥዕል የከተማውን ስፋት አያሳይም። ሁለቱ ሥራዎች የየራሳቸው ጉድለት አላቸው፤ የሎውረንስ ስፋት ሰውን ያጣል፤ የስቲግሊትዝ ቅርበት ከተማውን ያጣል። ከላይ ሆኖ ማንሳት ስለዚህ በደል አይደለም። በደል የሚሆነው ከላይ ያለው ሰው ታች ያለውን ማሰብ ሲተው ነው።

ሌላም ፈተና አለ፤ እርሱም ሰማይን መለወጥ ነው። ጉስታቭ ለ ግሬ የተባለው ፈረንሳዊ በ1856 እና በ1857 ዝነኛ የባሕር ሥዕሎች አነሣ። በዚያን ጊዜ የነበረው የፎቶግራፍ መድኃኒት ለሰማያዊ ብርሃን አብዝቶ ስለሚፈጥን፣ ምድሩ ወይም ባሕሩ በሚገባ ሲወጣ ሰማዩ ባዶ ነጭ ሆኖ ይቀር ነበር። ለ ግሬ ሰማዩን ለብቻ፣ ባሕሩን ለብቻ አንሥቶ በአንድ ወረቀት ላይ አተማቸው። አንዱ ደመናም በተለያዩ ባሕሮች ላይ ተደግሞ ይገኛል። ለ ግሬን በጽኑ አልወቅሰውም፤ የመድኃኒቱ ድክመት አስገድዶታልና። ዛሬ ግን ያ ድክመት የለም። ከ2020 ጀምሮ ፎቶሾፕ በተባለው የኮምፒዩተር መሣሪያ የአንዱን ቀን ሰማይ አውልቆ የሌላውን ቀን ማልበስ በአንድ ትእዛዝ የሚፈጸም ሆኗል። ለ ግሬ ችግሩን ለመወጣት ያደረገውን እኛ ለመደነቅ ብለን እናደርገዋለን።

«ታዲያ ደመና ቢቀየር ማን ይጎዳል?» የሚለኝ ወጣት አይጠፋም። ሰው ይጎዳል ብዬ እመልሳለሁ። ከእንጦጦ የሚወርደው ዝናም በቀበናና በግንፍሌ አልፎ ወደ አቃቂ ይሄዳል፤ በወንዞቹ ዳርም የቆርቆሮ ጣራ ያላቸው ብዙ ቤቶች አሉ። ባለፈው ክረምት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከተራራው ላይ ያነሣውን ሥዕል አሳየኝ። በስተቀኝ ጥቁር ዶፍ እንደ መጋረጃ ወርዶ ነበር፤ በስተግራ የፎቅ ቤቶች በፀሐይ ያበሩ ነበር። በእውነት ያማረ ነበር። «መጋረጃው የወደቀው በየትኛው ሰፈር ላይ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ስልኩን አስፍቶ ሲመለከት ዝም አለ፤ የአክስቱ ሰፈር ነበር። በዚያው ቀን ማታ ጎርፍ ገብቶባቸው ልጆቹን አልጋ ላይ አቁመው አድረዋል። ልጁ ሥዕሉን አልጣለውም፤ እኔም ጣለው አላልሁትም። ከሥሩ ግን ቀኑን፣ ሰዓቱንና የሰፈሩን ስም ጻፈበት። በዚህም ምክንያት ያ ሥዕል ለወረዳ ቢቀርብ ምስክር የሚሆን ሥዕል ሆነ። ሰማዩ የተለወጠ ቢሆን ኖሮ ግን ለምስክርነት የማይበቃ የሐሰት ወረቀት በሆነ ነበር።

ለዚህ ነገር የሳን ፍራንሲስኮ ታሪክ ራሱ ምሳሌ ይሰጠናል። ኤድዋርድ ማይብሪጅ በ1878 በከተማው ኖብ ሂል ከተባለው ኮረብታ፣ ማርክ ሆፕኪንስ የተባለው ባለጸጋ ከሚያሠራው ቤት ላይ ሆኖ፣ ዙሪያውን በ13 ሥዕሎች አንሥቶ ነበር። ሲቀጣጠሉ ከአምስት ሜትር በላይ ይረዝማሉ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ የሚያስደንቅ ደመና የለበትም። ዛሬ ብዙ ወጣት ቢያየው «ምን አለበት?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ከ28 ዓመት በኋላ እሳቱ ያን ቤት ራሱን በበላው ጊዜ፣ ከተማው ምን ይመስል እንደ ነበር የሚያስረዳው ያ ጸጥ ያለ ሥዕል ሆነ። ግርማ ዐይንን ይጠራል፤ ታማኝነት ግን ዘመንን ይሻገራል።

እንግዲህ፣ ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፣ ደመና ባያችሁ ጊዜ መሣሪያችሁን ሸሽጉ አልልም። ውጡ፤ ጠብቁ፤ አንሡ። ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሰከንዱን ቍጠሩ፤ ለሦስት ብታካፍሉት የመብረቁን ርቀት በኪሎ ሜትር ታገኛላችሁ፤ 30 ሳትደርሱ ከተሰማ ከተራራው ውረዱ፤ ሥዕል ከነፍስ አይበልጥምና። ከወረዳችሁም በኋላ ሥዕላችሁን በሦስት ጥያቄ መርምሩት። ይህ ሰማይ የዚህ ከተማ፣ የዚህ ሰዓት ሰማይ ነውን? ከዚህ ደመና በታች የሚኖረው ማን ነው? ከሥዕሉ ሥር የጻፍሁት ቃል ይህን ለማያውቅ ሰው ይነግረዋልን? ለሦስቱም በቀና ልብ መልስ ያለው ሰው ሥዕሉን ያለ ሐፍረት ለሰው ያሳይ። መልስ ያጣ ግን ሥዕሉን ለጊዜው አኑሮ ደመናው ወደ ወረደበት ሰፈር ይሂድና የሰዎቹን ደኅንነት ይጠይቅ።